ብርሌ ከነቃ፦ የመስተዋት ዕቃ ታሪክና የይፋት ስብርባሪ

የሰው ልጅ ከተፈጥሮ ጋር ባደረገው የረጅም ዘመን ትግል ካስገኛቸው ነገሮች መካከል እንደ መስተዋት ያለ እርስ በርሱ የሚቃረን ባሕርይ ያለው ጥቂት ነው። ከአሸዋ ይወለዳል፤ ብርሃን ግን ያሳልፋል። ከእሳት ይወጣል፤ ሲዳስሱት ግን ይቀዘቅዛል። በመሬት ውስጥ ሺህ ዓመት ተቀብሮ ሳይበሰብስና ሳይዝግ ይቆያል፤ ከእጅ ካመለጠ ግን በአንድ ቅጽበት ያበቃለታል። ሕዝባችን ይህን የመጨረሻውን ባሕርይ ከሁሉ አስቀድሞ አስተውሎ «ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ» ሲል ተረተ። ተረቱ ስለ ጠጅ ዕቃ ብቻ የተነገረ አይደለም። ለፈረሰ ወዳጅነት፣ ለጎደለ እምነት፣ ለተበተነ ትዳር ሁሉ መናገሪያ ሆኖ ኖሯል።

ባለ ጠጁ ቤት ይህን ቢል እውነት አለው። የነቃ ብርሌ ጠጅ አይዝም፤ ከንፈርም ይቆርጣል። ነገር ግን ይኸው አባባል ለታሪክ ይሠራልን? ለአንድ ሕዝብ ያለፈ ሕይወት ማስረጃ ፈላጊ የተሰበረው መስተዋት ዕቃ አይሆንምን? ይህ ጥያቄ እንደ ቀልድ የሚታለፍ አይደለም። ምክንያቱም ከመንዝ ተራሮች ግርጌ፣ ከማጀቴ እስከ ሸዋ ሮቢትና ከዚያም ወደ ታች እስከ አፋር ሜዳ በተዘረጋው የይፋት ቆላ ያለፈው ዘመን የተወልን የመስተዋት ቅርስ አብዛኛው ስብርባሪና ዶቃ ነው። ስብርባሪና ዶቃ ደግሞ ለመናቅም ሆነ ለመሸጥ እጅግ የቀለለ ነው።

ድርቡ መስተዋት

ስለ መስተዋት ሰብሳቢዎች ሲነገር በዓለም ላይ ከሁሉ በላይ ስሙ የሚነሣው «ካሜዮ» የሚባለው ቅርጽ የወጣለት የመስተዋት ማስቀመጫ ነው። የጥበቡ መነሻ ድንጋይ ነው። የጥንት ግሪኮችና ሮማውያን ጠራቢዎች ሁለት ዓይነት ቀለም ያለውን የከበረ ድንጋይ እየፈለፈሉ፣ የላዩን ነጭ ሽፋን የሰው መልክ አድርገው የታችኛውን ጥቁር ወለል ጀርባ አድርገው ይተዉት ነበር። እንዲህ ያለው ድንጋይ ውድና ትንሽ በመሆኑ መስተዋት ሠሪዎች ያንኑ መልክ በእሳት ለማግኘት ተነሡ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ጠቆር ያለ ሰማያዊ መስተዋት በቧንቧ ጫፍ ተነፍቶ ፊኛ ይመስላል፤ በዚያ ላይ የቀለጠ ነጭ መስተዋት ይደረብበታል፤ ሁለቱ አብረው ተነፍተው የማስቀመጫ ቅርጽ ይይዛሉ፤ ከዚያም በምድጃ ውስጥ ቀስ በቀስ ይቀዘቅዛሉ። እዚህ ላይ ከባዱ ፈተና አለ። ሁለቱ መስተዋቶች ሲሞቁ የሚለጠጡበትና ሲቀዘቅዙ የሚኮማተሩበት መጠን ካልተስማማ ዕቃው ገና ሳይቀረጽ በራሱ ጊዜ ይሰነጠቃል። ይህን ያለፈ እንደሆነ ቀራጩ በትንንሽ መንኰራኩርና በስለት ነጩን ሽፋን እየፋቀ፣ የሚፈልገውን ምስል ብቻ አስቀርቶ ሌላውን እስከ ሰማያዊው ወለል ድረስ ያነሣዋል። ነጩ ሲሳሳ ከሥሩ ያለው ሰማያዊ ያንጸባርቃል፤ የልብስ እጥፋትና የገላ ጥላ የሚገኘውም ከዚሁ ነው። እጅ አንድ ጊዜ ቢስት የብዙ ወራት ድካም መና ይቀራል።

ከእነዚህ ሁሉ ስመ ጥር የሆነው ዛሬ በለንደኑ የብሪታንያ ሙዚየም የሚገኘው «የፖርትላንድ ማስቀመጫ» ነው። ቁመቱ ከ25 ሳንቲ ሜትር አይበልጥም። የተሠራው በሮማ ቄሣሮች ዘመን መጀመሪያ፣ ከሁለት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ነው። የባለቤቶቹ ስም በዝርዝር ይታወቃል። የኢጣልያው የባርበሪኒ ቤተ ሰብ፣ ከዚያ ሰር ዊልያም ሃሚልተን የተባለው የእንግሊዝ ዲፕሎማት፣ ከዚያም የፖርትላንድ መሳፍንት ይዘውታል። ሰማያዊውን የነፋው፣ ነጩን የደረበውና የፈለፈለው ሠራተኛ ስም ግን በየትም አልተጻፈም። የዕቃው ስም እንኳ የወጣለት በገዢው እንጂ በሠሪው አይደለም። ይህ በዓለም የኪነ ጥበብ ታሪክ ደጋግሞ የሚታይ ግፍ ነው።

እ.ኤ.አ. በየካቲት 1845 አንድ የሰከረ ወጣት በሙዚየሙ ውስጥ ድንጋይ አንሥቶ ይህን ማስቀመጫ ከሁለት መቶ በላይ ስብርባሪ አደረገው። በተረታችን ሕግ ቢፈረድ ነገሩ እዚያው ባበቃ ነበር። ሆኖም ግን በዚያው ዓመት ጆን ደብልዴይ የተባለው የሙዚየሙ ጠጋኝ ስብርባሪውን አንድ በአንድ ገጥሞ ዕቃውን አቆመው። ቦታቸው ያልታወቀ 37 ጥቃቅን ቁራጮች ቀሩ። እነዚህም ከመቶ ዓመት በላይ ከቆዩ በኋላ በሃያኛው መቶ ዓመት በተደረጉት ሁለት ጥገናዎች ብዙዎቹ ወደ ቦታቸው ተመለሱ። ቁራጩ ያልተጣለው አንድ ቀን አንባቢ ያገኛል ተብሎ ነው።

ጥበቡ ግን በሮማ ብቻ አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ1000 ገደማ በእስላም አገሮች የነበሩ ሠሪዎች ያንኑ ድርብ መስተዋት ሠርተዋል፤ የዚያ ዘመን ድንቅ ማንቆርቆሪያ ዛሬ በአሜሪካ በኮርኒንግ የመስተዋት ሙዚየም ይታያል። በቻይናም በቺንግ ነገሥታት ዘመን በድርብ መስተዋት የተፈለፈሉ የሱረት ጠርሙሶች ተሠርተዋል። በእንግሊዝ ጆን ኖርዝውድ የተባለ ቀራጭ የፖርትላንዱን ማስቀመጫ በመስተዋት ለመቅዳት ዓመታት ደክሞ እ.ኤ.አ. በ1876 ፈጸመው። በፈረንሳይ በናንሲ ከተማ ኤሚል ጋሌና የዳውም ወንድማማቾች አበባውን፣ ቅጠሉንና ተርቡን በድርብ መስተዋት ላይ አወጡት። እነርሱ ለገበያ በብዛት በሚሠሩት ላይ ስለት ብቻ ሳይሆን መስተዋት የሚበላ አሲድም ይጠቀሙ ነበር።

ጋሌ እ.ኤ.አ. በ1904 ከሞተ በኋላ ፋብሪካው በስሙ መሥራቱን ቀጠለ፤ ከመሞቱ በኋላ ለጥቂት ጊዜ በወጡት ዕቃዎች ፊርማ አጠገብ ትንሽ ኮከብ ተቀርጻለች። በኋለኛው ዘመን ደግሞ በሩማንያ በእርሱ አሠራር የተሠሩ ማስቀመጫዎች «ቲፕ» የሚል ቃል ተጨምሮባቸው ተሸጡ፤ ትርጉሙም «ዓይነት» ማለት ነው። ቃሏ ተፍቃ ስሙ ብቻ ከቀረ ዕቃው ላላወቀ ገዢ የጋሌ ሆኖ ይቀርባል። ስለዚህ በዚህ ሙያ የሠለጠነ ሰብሳቢ ከውበቱ አስቀድሞ የሚጠይቀው የዕቃውን የትውልድ ሐረግ ነው። ማን ሠራው? ከማን ወደ ማን ተላለፈ? ታችኛው ወለሉ በእርግጥ በዘመን ብዛት ተፍቋልን? አንድ ዓይነት መልክ ካላቸው ሁለት ማስቀመጫዎች አንዱ በብዙ ሲሸጥ ሌላው የሚናቀው በዚህ ምክንያት ነው። ከዚህ የምንረዳው ዋና ነገር፣ ባለ ሀብቱ ሰብሳቢ ሳይቀር ገንዘቡን የሚከፍለው ለመስተዋቱ ሳይሆን ስለ መስተዋቱ ለሚታወቀው ነገር መሆኑን ነው።

ከአዱሊስ እስከ አክሱም

ይህ ታሪክ ከኢትዮጵያ የራቀ ይመስላል፤ ነገር ግን አልራቀም። የፖርትላንዱ ማስቀመጫ ከተሠራ ከጥቂት አሥርተ ዓመታት በኋላ አንድ በግሪክኛ የጻፈ ነጋዴ የቀይ ባሕርንና የሕንድ ውቅያኖስን ወደቦች የሚዘረዝር መጽሐፍ ትቶልናል። «የኤርትራ ባሕር ጉዞ» በመባል የሚታወቀው ይህ ጽሑፍ፣ ወደ አዱሊስ ወደብ ከሚገቡት ሸቀጦች መካከል የብዙ ዓይነት የመስተዋት ጌጥና በግብፅ ዲዮስፖሊስ የሚሠራውን ባለ ብዙ ቀለም መስተዋት ይጠቅሳል። በልዋጩ ከአክሱም ምድር የሚወጣው የዝሆን ጥርስ፣ የአውራሪስ ቀንድና የኤሊ ልብስ ነበር። እንግዲህ የሮማ ዓለም መስተዋት ገና ከጥንት ጀምሮ የአገራችንን ደጅ ያውቀዋል።

መጽሐፉ የተናገረውን መሬት አረጋገጠችው። በ1965ና በ1966 ዓ.ም. በኔቪል ቺቲክ መሪነት በአክሱም በተደረገው ቁፋሮ፣ በኋላም እ.ኤ.አ. ከ1993 እስከ 1997 በዴቪድ ፊሊፕሰን መሪነት በተቀጠለው ሥራ፣ ከመቃብሮች ውስጥ የመስተዋት ዋንጮች፣ ስብርባሪዎቻቸውና ዶቃዎች ተገኝተዋል። ከእነዚህ መካከል «የጡብ ቅስቶች መቃብር» የተባለው ስፍራ ከፍ ያለ ድርሻ አለው። መቃብሩ በጥንት ዘመን ሌቦች የገቡበት ቢሆንም ሁሉን አላነሡትም። ሌባው ያልፈለገው ስባሪ ለታሪክ አዋቂው ዋናው ማስረጃ ሆነ።

የይፋት ጎዳና

አክሱም ከደከመችና የአዱሊስ ደጅ ከተዘጋ በኋላ የመስተዋት መንገድ አልተቋረጠም፤ ወደ ደቡብ ዞረ። አዲሱ የባሕር በር ዘይላ ነበር። ከዘይላ የተነሣው ግመል በረሃውን አቋርጦ፣ አዋሽን ተሻግሮ፣ ከሸዋ ተራሮች ግርጌ የሚደርሰው በይፋት ነው። የይፋት ቆላ በደጋና በበረሃ መካከል የቆመ ደረጃ ነው። ከላይ የመንዝ ገብስና በግ፣ ከታች የአፋር አሞሌና ግመል፣ በመካከሉ የቆላው ማሽላና ጥጥ ይገናኛሉ። አማራው፣ አርጎባው፣ ኦሮሞውና አፋሩ አንዱ የሌላውን ቋንቋ እየሰማ የኖረው በዚህ ደረጃ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1285 ዑመር ወላስማ ቀድሞ የነበረውን የሸዋ ሡልጣኔት አስገብሮ የይፋትን መንግሥት አጠነከረ። በዐሥራ አራተኛው መቶ ዓመት በግብፅ የጻፈው አል ዑመሪ፣ በይፋት ገንዘብ እንደማይቀረጽና ነጋዴዎች ከግብፅ በሚያመጡት ዲናርና ዲርሃም እንደሚገበያዩ ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ1332 ዐፄ ዓምደ ጽዮን ከይፋቱ ሰብረ ዲን ጋር የተዋጋበት ጦርነት ስለ ሃይማኖት ብቻ የተደረገ አልነበረም፤ ከዘይላ የሚመጣውን ጎዳና ማን ይዞ ይቀርጣል የሚለው ጥያቄም በውስጡ ነበረበት።

የዚህ ዘመን ከተሞች ለብዙ ጊዜ በመጽሐፍ ስማቸው ብቻ ይታወቁ ነበር። ከ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ፍራንሷ ዣቪዬ ፎቬልና ቤርትራን ሂርሽ ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው ጋር ባደረጉት ጥናት፣ በይፋት ተዳፋት ላይ አስባሪ፣ መሳልና ኖራ የሚባሉት የድንጋይ ከተሞች ፍርስራሽ ለታሪክ ተመዘገበ። መስጊዶቻቸው፣ ቤቶቻቸውና መቃብሮቻቸው ከዚያው ከአካባቢው ድንጋይ የተገነቡ ናቸው። የአካባቢው ሕዝብ ግን እነዚህን ስፍራዎች ከተመራማሪው አስቀድሞ ያውቃቸው ነበር፤ በአፍ ታሪኩም ጠብቋቸዋል።

ከይፋት ቆላ ሽቅብ ወደ መንዝና ወደ ግሼ ሲወጣ ደግሞ ሌላ ምስክር አለ። እ.ኤ.አ. ከዐሥረኛው እስከ ዐሥራ አራተኛው መቶ ዓመት በዚያ የኖረና ክርስቲያንም እስላምም ያልነበረ ሕዝብ ሙታኑን በትላልቅ የድንጋይ ክምር ሥር ይቀብር ነበር። አርኪዮሎጂስቶች ይህን ባህል በሻይ ወንዝ ስም «የሻይ ባህል» ብለውታል። በመንዝ በመሸላ ማርያም፣ እንዲሁም ተተር ጉር በተባለው ጉብታ በተደረገው ቁፋሮ ከሸክላውና ከብረቱ ጌጥ ጋር እጅግ ብዙ የመስተዋት ዶቃ ተገኝቷል። እነዚያ ዶቃዎች በመንዝ ተራራ ላይ አልተሠሩም። ከሩቅ ባሕር ማዶ ተነሥተው በግመልና በአህያ ጀርባ ወጥተው ከደገኛው አንገት ላይ ያረፉ ናቸው። በአንድ ዶቃ ቀዳዳ ውስጥ የሚያልፈው ክር በረሃንና ደጋን፣ እስላሙንና ክርስቲያኑን፣ ሁለቱንም ያልሆነውንም ጭምር አያይዞ ነበር።

ወደ ምሥራቅ፣ በድሬዳዋ አጠገብ በሐርላ፣ ቲሞቲ ኢንሶልና ኢትዮጵያውያን ባልደረቦቹ ባደረጉት ቁፋሮ የዐሥራ ሁለተኛው መቶ ዓመት መስጊድ፣ የጌጥ መሥሪያ ስፍራ፣ የመስተዋት ዕቃ ስብርባሪና ዶቃ መገኘቱ በ2009 ዓ.ም. ለዓለም ተነገረ። ከዚህም የምንረዳው ይህ ምድር የባዕድ ዕቃ ተቀባይ ብቻ ሳይሆን ጌጥ የሚሠራ እጅም እንደነበረው ነው።

አንድ ስባሪ እንዴት ይህን ያህል ይናገራል? መስተዋት የተቀመመበትን ነገር በውስጡ ይዞ ይኖራልና ነው። የሮማ ዘመን መስተዋት ሠሪ አሸዋውን የሚያቀልጠው ከግብፅ ወዲ ናጥሩን በሚመጣ የማዕድን ጨው ነበር። ከዘጠነኛው መቶ ዓመት ገደማ ጀምሮ በምሥራቁ ዓለም ይህ ቀርቶ የበረሃ ቅጠል አመድ ተተካ። የሕንድ ዶቃ ደግሞ የራሱ የሆነ ቅመም አለው። ስለዚህ የጥፍር ያህል ቁራጭ በቤተ ሙከራ ሲመረመር የትኛው አገር አሸዋና የትኛው ዘመን አመድ እንደሆነ ይናገራል። ይህን የሚናገረው ግን የተገኘበት ስፍራ አብሮ ከታወቀ ብቻ ነው።

ብርሌና ማጀት

ከመቃብር ወደ ኑሮ ስንመለስ ብርሌን እናገኛለን። ቃሉ ራሱ ሩቅ መንገድ የመጣ ነው፤ ቤሪሎስ ከሚለው የግሪክኛ የዕንቍ ስም በግዕዝ ቢረሌ ሆኖ፣ መጀመሪያ የከበረውን ድንጋይ፣ በኋላም እንደዚያ ድንጋይ ብርሃን የሚያሳልፈውን ዕቃ ሰየመ። ሆዱ ክብ፣ አንገቱ ረጅምና ጠባብ የሆነው ይህ ዕቃ በነገሥታቱና በመኳንንቱ ግብር ላይ የማዕረግ ምልክት ነበር። አሳላፊው ከብርሌው ጥቂት በመዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ከቀመሰ በኋላ ለጌታው ያቀርባል።

በአገራችን የመጠጥ ዕቃ የመደብ ልዩነት ያሳይ ነበር። ጠጅ የጌታ ነበረና ብርሌም የጌታ ሆነ። ገበሬው ጠላውን በቅልና በሸክላ ይጠጣ ነበር፤ ቀንድ ዋንጫም በየደረጃው ነበረ። ማሩን የቆረጠው፣ ጌሾውን የወቀጠው፣ ጠጁን የጣለችው ግን በብርሌው ሲጠጡ አይታዩም። ባልትናዋ የተመሰገነችው ሴት ብርሌውን አጥባ፣ አወልውላ፣ በማጀት ከፍ ካለ ስፍራ ታኖረዋለች፤ ቢነቃ የምትጠየቀውም እርሷ ናት። «ብርሌ ከነቃ» የሚለው ተረት በጌታው አዳራሽ ቢነገርም ትርጉሙን ከሁሉ ይልቅ የምታውቀው ማጀት ያለችው ናት።

በዐሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት፣ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ ይህ ሸቀጥ የሚገባበት ደጅ ከአንኮበር ሥር ያለው የአልዩ አምባ ገበያ ነበር። ከታጁራ የሚነሣው ነጋዴ ዶቃውን፣ ጨርቁንና መዳቡን በዚያ ያራግፋል። እ.ኤ.አ. በ1841 ወደ ሸዋ የመጣው የእንግሊዝ መልእክተኛ ሃሪስ ያንን ገበያ አይቶ ጽፎታል። በዚያ ዘመን በቬኒስና በቦሄምያ የሚሠራው ዶቃ ወደ አፍሪካ እንደ ጎርፍ ይገባ ነበር። ዶቃው በሸዋና በወሎ ቆላ ከጌጥነት አልፎ ስም አገኘ፤ ጨሌ ተባለ፤ ከእናት ወደ ልጅ ተላለፈ፤ የእምነትና የአድባር ዕቃም ሆነ። በኋላ አዲስ አበባ ስትቆረቆርና ባቡር በ1909 ዓ.ም. ገደማ ከጅቡቲ ሲደርስባት የአልዩ አምባ ጎዳና ቀዘቀዘ፤ መስተዋትም ረከሰ፤ ብርጭቆና ጠርሙስ በየቤቱ ገባ። ብርሌም ከግብር አዳራሽ ወርዶ የጠጅ ቤት ዕቃ ሆነ። የጌታ ብቻ የነበረው የሕዝብ ሆነ ማለት ነው፤ በታሪኩ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ደስ የሚያሰኘው ምዕራፍ ይህ ነው።

ሰብሳቢና ቃራሚ

ማጀቴ ያለችበት አካባቢ ሕዝብ በሳምንት ከሚገናኝባቸው ትላልቅ ገበያዎች እሑድ የሰንበቴ፣ ሰኞ የባቲ ይጠቀሳሉ። ከእህሉና ከከብቱ ጎን የብር ጌጥ፣ በማርትሬዛ ብር የተሠራ የአንገት ሐብል፣ አሮጌ ዶቃና ጨሌ ይሸጣል። የገዛ ጌጧን የምትሸጥ ሴት መብቷ ነው፤ ችግር ያስገድዳታል። ነገር ግን የሚሸጠው የእናት ጌጥ ብቻ ሳይሆን የመቃብር ጌጥም ሲሆን ሌላ ጉዳይ ይሆናል። ወርቅ ተቀብሯል በሚል ተስፋ የጥንቱ ጉብታ ይቆፈራል፤ ወርቅ አይገኝም፤ ዶቃው ግን ይለቀማል፤ በአዲስ ክር ይሰካል፤ ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል። አዲሱ ባለቤት «ጥንታዊ ነው» ከማለት በቀር የሚያውቀው የለውም። ከየትኛው መቃብር፣ ከማን አጠገብ፣ ከየትኛው ሸክላ ጋር እንደነበረ ማንም ሊነግረው አይችልም። ዶቃው ሳይሰበር ተሰብሯል ማለት ይህ ነው። እውነተኛው ንቃት ከመስተዋቱ ላይ ሳይሆን ከታሪኩ ላይ ነው።

የጌጥና የቅርስ ስብሰባ በኃይል ሲደረግ ምን እንደሚመስልም አገራችን ታውቃለች። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ከወደቀች በኋላ የእንግሊዝ ጦር የዘረፈውን የንጉሠ ነገሥቱንና የቤተ ክርስቲያኑን ንብረት በደላንታ ሜዳ በሐራጅ ሸጠው። ከጦሩ ጋር የመጣው የብሪታንያ ሙዚየም ባልደረባ ሪቻርድ ሆምስ ከገዢዎቹ ዋነኛው ነበር። የፖርትላንዱን ማስቀመጫ ስብርባሪ አንድ በአንድ ለቅሞ የገጠመው ሙዚየም ከመቅደላ የተነሡትን ታቦታት ዛሬም በግምጃ ቤቱ ይዟል። አንዱን ስባሪ ወደ ቦታው ለመመለስ መቶ ዓመት የታገሠ ተቋም ሌላውን ወደ ቦታው ለመመለስ ለምን ዘገየ? ጥያቄው ለባለቤቶቹ የሚቀርብ ነው፤ መልሱም ገና ይጠበቃል።

ሆኖም ግን ባዕዱን ብቻ መክሰስ በራስ ቤት ያለውን ቸልታ አይሸፍንም። የቅርስ ሕግ በአገራችን እንግዳ አይደለም፤ በ1958፣ በ1982ና በ1992 ዓ.ም. የወጡ አዋጆች ነበሩት። የ1992ቱ አዋጅ ቍጥር 209 ያለ ፈቃድ ቅርስ ፍለጋ መቆፈርን ይከለክላል፤ በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰውም ለሚመለከተው አካል እንዲያስታውቅ ያዛል። ነገር ግን ሕጉ በጉብታው አጠገብ ለሚያርሰው ገበሬ በሚገባው ቋንቋ ካልተነገረው ወረቀት ላይ ይቀራል። አዋጁን ማስታወቅ የሹም ብቻ ሳይሆን የመምህሩና የኪነት ሰውም ሥራ ነው።

በጎ ሰብሳቢም አለን። በ1955 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም በስታኒስላው ሖይናትስኪ ትጋት ሲሰባሰብ፣ ከነገሥታቱ ዕቃ ጎን የገበሬው ሞፈርና የሴቷ ሞሰብም ተሰብስቧል። በሐረር አብዱላሂ አሊ ሸሪፍ የከተማዪቱንና የአካባቢዋን ሕዝቦች ቅርስ፣ መጻሕፍት፣ ገንዘብና ጌጥ መጀመሪያ በገዛ ቤታቸው አከማችተው፣ በኋላ በራስ ተፈሪ ቤት ለሕዝብ እንዲታይ አድርገዋል። የእነዚህ ሥራ ከቃራሚው የሚለየው በሀብት ብዛት አይደለም። ቃራሚው ዕቃውን ከቦታው ነቅሎ ዝም ያሰኘዋል፤ ሰብሳቢው ግን ዕቃው እንዲናገር ያደርገዋል።

ስባሪው ዕቃ የሚሆንበት

እንግዲህ በማጀቴ፣ በካራቆሬ ወይም በሸዋ ሮቢት የሚያስተምር መምህር ምን ሊያደርግ ይችላል? ማስቀመጫ የሚገዛበት ገንዘብ የለውም፤ አያስፈልገውምም። ተማሪዎቹ በየቤታቸው ያለውን አሮጌ ብርሌ፣ ጨሌ፣ ዋንጫና ማሰሮ ሳያነሡ እንዲመዘግቡ ማድረግ ይችላል። ስሙ ማን ይባላል? ማን ገዛው? ከየትኛው ገበያ? አያት ስለ እርሱ ምን ትላለች? አርጎብኛ፣ ኦሮምኛና አፋርኛ የሚናገሩ ጎረቤቶች በየቋንቋቸው ምን ይሉታል? እርሻ ላይ ስባሪ የተገኘ እንደሆነ ጉድጓዱን ሳያሰፉ፣ ስፍራውን በሥዕል ወይም በፎቶግራፍ አስቀርተው፣ ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ማስታወቅን ሊያስለምዳቸው ይችላል። አንድ ደብተር በዚህ መልክ ቢሞላ፣ ከብዙ የውጭ አገር ሰብሳቢዎች መደርደሪያ ይልቅ የበለጠ እውቀት ይይዛል።

ሥራው ጊዜ የሚሰጥ አይደለም። በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል፣ ከዚያም በኋላ በተከተሉት ዓመታት ጦርነት በዚያው ጎዳና ላይ ሲመላለስ፣ የጠፋው ሕይወትና ቤት በምንም የማይተካ ነው። ከቤቱ ጋር ማጀቱም ነደደ። በማጀቱ ውስጥ የነበረው ከአያት የወረደ ብርሌ፣ በሣጥን የተቀመጠ ጨሌ፣ ከፊሉ የማንም ሙዚየም ሳያውቀው ጠፋ። እሳት ከአሸዋ ያወጣውን እሳት መልሶ ወሰደው። ስማቸውና ታሪካቸው አስቀድሞ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ፣ ከአመዱ ሥር የምትገኘው አንዲት ቁራጭ የማን እንደሆነች ይታወቅ ነበር።

ተረቱ እንደተነገረ ይኖራል፤ ሊሻርም አይገባውም። የነቃ ብርሌ ጠጅ አይይዝም። የኖራ ከተማ ስባሪና የመንዝ ጉብታ ዶቃ ግን ሌላ ነገር ይይዛሉ፤ በይፋት ጎዳና ላይ አንዱ ለሌላው ሲሸጥ፣ ሲገዛና ጎረቤት ሲሆን ኖሮ እንደነበር ይመሰክራሉ። ዛሬ በዚያ ቆላ የሚኖሩ ሕዝቦች ልጆች ይህን ምስክር የሚሰሙት መምህራቸው ካነበበላቸው፣ ባለ ቅኔው ከነገራቸው፣ ሹሙም ጉብታው እንዳይቆፈር ከጠበቀላቸው ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ደብተር፣ አንድ እርሳስና ጠያቂ ልጅ ነው፤ እነዚህ ሦስቱ ደግሞ በማጀቴ አይታጡም።